ሁለት ባላ በአንድ ጉድጓድ

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ኮምፒውተራችን ከንፈር መምጠጥ ጀመረ። የተሻለ አገላለጽ ብፈልግለት አጣሁ። ድንኳን ሥር የተቀመጡ እናቶች ሟች ስንት ልጅ ጥሎ እንደሄደ ሲነገራቸው የሚያሰሙት ድምፅ ነው፤ ምጥጥ… ምጥጥ… ምጥጥ። ትንሽ ጸጥ ይላል። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ ምጥጥ… ምጥጥ።

"ማን ሞተ?" አለች ባለቤቴ ከማድ ቤት።

"እስካሁን ማንም" አልኳት። ቀልድ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ምሽት በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ዩፒኤስ የሚባለው ነገር አለን፤ ባትሪው ከሞተ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን የቀረው ሥራ መብራት ሲጠፋ "ጢጥ" ብሎ መብራት መጥፋቱን ማስታወቅ ነው። ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው!

እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። የ186 አባላት ስም፣ የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ከስብሰባ ቀርቶ ቅጣት ያለበት፣ ድንኳኑ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ካሉን ብረት ድስቶች የስንቱ እጀታ እንደተነቀለ፣ ይህ ሁሉ ያለው ከንፈሩን በሚመጠው ሣጥን ውስጥ ነው። ከደብተር አውጥቼ ወደዚያ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥቼ ስለ ዘመናዊ አሠራር ሃያ ደቂቃ ተናግሬ፣ የወረቀት ዘመን ማብቃቱን አውጄ፣ ተጨብጭቦልኝ ነው የተቀመጥኩት። ገንዘብ ያዣችን ብቻ አላጨበጨቡም። ደረሰኝ እየቆረጡ ስለነበር እጃቸው አልተመቻቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ለጉባኤው "ኮምፒውተሩ ታሟል" ብዬ ሳሳውቅ አንድ ሽማግሌ "እግዜር ይማረው" አሉ፤ ከልባቸው ነው። ዳኛው ግን ነገሩ ቶሎ ገባቸው። "እንግዲያው ውዝፍ ያለባችሁ እናንተው ተናገሩ" አሉ። ዝም። አንዱ ወደ ሰማይ አየ፣ ሌላው የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዕድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ባለዕዳ የሌለበት ዕድር ሆነ። ይባስ ብሎ ሁለት አባላት ትርፍ ከፍለናል፣ ይመለስልን አሉ። ገንዘብ ያዡ ያን ሰሞን ጸበል ሄደው ስለነበር እውነቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። "እስከሚቀጥለው ወር መዝገቡን አስተካክለህ ቅረብ" ተባልኩ።

አሁን "ባክአፕ አልነበረህም ወይ?" ማለታችሁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚያውቀው የተጠየቀ ነው። ኧረ ነበረኝ! ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ከግርጌው "ግልባጭ" ካልተባለ ደብዳቤ ደብዳቤ አይመስለኝም። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለውንም ከአያቴ ሰምቼ ነው ያደግኩት። እናም የዕድሩን መዝገብ አንዱን ዴስክቶፕ ላይ፣ አንዱን ዲ ላይ አድርጌ ተኝቼ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር።

ስለ ዲ ትንሽ ልበል። በከተማችን ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ስለ ዲ ሲናገር ስለ ባንክ የሚናገር ይመስላል። "አይዞህ፣ ዲ ላይ ነው ያለው።" ይህ እምነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ፣ ቫይረስ ሲገባው፣ አልነሣም ሲል፣ ባለሙያዎቻችን የሚያዙለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ራስ ምታትም ይሁን ወገብ፣ ፎርማት። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ዊንዶውስ የተጫነበት ሲ ነው፤ ዴስክቶፕና ማይ ዶክመንት የምንላቸው ደግሞ የሲ ጓዳዎች ስለሆኑ አብረው ይታጠባሉ። ዲ ግን ከጥፋት ውኃ እንደ ኖኅ መርከብ ተንሳፍፎ ይወጣል። ስንት ሰው በዚህ ድኗል! እኔም ሁለት ጊዜ ድኛለሁ። ስለዚህ ሲና ዲ ሁለት ዕቃ ይመስሉኝ ነበር። ለካስ አንድ ሃርድ ዲስክ ነው፤ መሐሉ ላይ መሥመር አስምረው ለሁለት የከፈሉት። እንጀራውን ለሁለት ቆርሰህ "ይኼ የምሳ፣ ይኼ የእራት" ብትለው፣ መሶቡን ድመት የገለበጠው ዕለት ምሳም እራትም የለም። ሁለት ባላ ተክያለሁ፤ ጉድጓዱ ግን አንድ ነበር።

ሦስተኛ ባላም ነበረኝ፤ በገመድ የሚሰካው ኤክስተርናል። እሱን ያስቀመጥኩት እዚያው ኮምፒውተሩ ራስ ላይ፣ ባለቤቴ በሠራችው ዳንቴል ሥር ነው። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ የኤሌክትሪክ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ኮምፒውተሩም በሙቀት እየታፈነ ለብሷል። ሌባ ቢመጣ ሦስቱንም በአንድ ዳንቴል ጠቅልሎ ይሄድ ነበር። ስለ ኤክስተርናሉ ግን ኋላ እመለስበታለሁ፤ የእሱ ጉድ ለብቻው ነው።

ሰኞ ሣጥኑን አቅፌ መገናኛ ወረድኩ። የታክሲው ረዳት ለሁለት ሰው አስከፈለኝ። "ጭኔ ላይ ነው እኮ የያዝኩት" ብለው "ጭንህ ቦታ ይዟላ" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለመጽናኛ ያህል ስለ ቀድሞዎቹ አሰብኩ። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው፣ 50 ትልልቅ ሰሃኖች የተደረደሩበት፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ቁም ሣጥን ነበር። ይህን ሁሉ አክሎ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነው፤ ዛሬ ልጄ የማኪያቶዋን አረፋ ያነሣችበት አንድ ፎቶ የሚወስደውን ያህል። እሱ ቢሆን ረዳቱ የስንት ሰው ያስከፍለኝ ነበር?

የጥገና ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስፋቱ እንደ ንስሐ አባት ጥላ የሆነ ቦታ ነው። ከፊት ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ተሰቅሏል፤ ከኋላ ሆዳቸው የተቀደደ ላፕቶፖች ተራ ይጠብቃሉ። ልጁ ቀና ብሎ ሳያይ "ፎርማት ነው ፋዘር?" አለኝ።

"አይ፣ ድምፅ ያሰማል።"

ሰካው። ምጥጥ… ምጥጥ… ልጁ ጆሮውን ጠጋ አደረገ። ሐኪም ውጤቱን አይቶ ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚናገር ሲያስብ ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር በልጁ ፊት ላይ መጣ።

"ሄዱ" አለኝ።

"እነማን?"

"ሄዱ ነዋ ፋዘር። ሄዱ ነው የሚመታው።"

"ልጄ፣ የሄዱት እነማን ናቸው?"

"ሄድ! ሄድ የሚባለው! ማንበቢያው!"

አዛውንት የሚያናግር መሆኑን ያወቀው ያኔ መሰለኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። ከተሰበሩት አንዱን ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ መስታወት የሚመስል ሰሃን አለ። ልክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ከላዩ ክንድ ተዘርግቷል፤ የክንዱ ጫፍ ነው ሄድ የሚባለው። ልዩነቱ፣ የሸክላው መርፌ ሸክላውን ይነካል፣ ይኼኛው ግን መንካት የለበትም። ሰሃኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ እየዞረ፣ ሄዱ ከላዩ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል፤ የጸጉር ዘለላ እዚያ መሐል ብትገባ ተራራ ናት። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ሄዱ ሮጦ ማረፊያው መግባት አለበት። ሄዱ ሲጎዳ ወይም ሰሃኑ ሲጫር ደግሞ ያ ምስኪን መንገዱን የሚያውቅበት ምልክት ይጠፋበታል፤ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገና ይፈልጋል። ከንፈር መምጠጡ ይኸው ነው። ቤቱ የጠፋበት ሽማግሌ በየበሩ እያንኳኳ ማለት ነው።

"እንዲህ ሲያደርግ ወዲያው አጥፍቶ መተው ነበር" አለኝ። "በበራ ቁጥር ሰሃኑን ይፍቀዋል። ስንት ጊዜ አበራኸው ፋዘር?"

"ሁለቴ" አልኩት። እንደ እውነቱ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ብቻ ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዳንዴ በቀስታ፣ አንዳንዴ ጎኑን መታ እያደረግኩ፣ አንዴም ጠበል ረጭቼ።

ውጭ አገር እንዲህ ያለውን ዲስክ ብናኝ በማይገባበት ክፍል ከፍተው፣ ሄዱን ቀይረው፣ ሰሃኑን የሚያነብቡ ባለሙያዎች አሉ። ዋጋው ግን ለዕድር መዝገብ ቀርቶ ለዕድሩ ራሱም የሚቀመስ አይደለም። ልጁ አዲስ ዲስክ እንድገዛ መከረኝ፤ ኤስኤስዲ የሚሉትን። የሚዞርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም፤ መብራት ቢሄድበትም እንደዚህኛው አይንገዳገድም። "ታዲያ አይሞትም?" ብለው "ይሞታል። ግን ድምፅ አያሰማም" አለኝ። ከንፈር የሚመጥልኝ እንኳ ላይኖር ነው።

ልንለያይ ስንል "ለወደፊቱ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ነው ፋዘር" አለኝ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አቆጣጠሩ የእሱ አይደለም፤ ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በመጽሐፉ ያስፋፋው ነው። የአገሬ ባላ ሁለት ብቻ መሆኑ ትንሽ አሳፈረኝ። ግን ያ ምሳሌ ሲተረት የነበረው ስጋት ጎጆ መውደቁ ነበር፤ የፊደል መውደቅ የመጣው ኋላ ነው።

ማታ ጎረቤታችን ሃርድ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ እንዳሳድረው ነገረኝ። አትሳቁ፤ ይህ ምክር በዓለም ሁሉ የሚታወቅ የባህል መድኃኒት ነው። በድሮ ዲስኮች አንዳንዴ ሠርቷል ይባልለታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከፍሪዘር ሲወጣ ሰሃኑ ላይ ጤዛ ይይዝበትና የተረፈውን ይገድላል። አሳደርኩት። ሌሊት ባለቤቴ ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ በበርበሬውና በሥጋው መካከል አገኘችው። መኝታ ቤት መጥታ መብራት አብርታ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ሬሳ ነው እንዴ?" አለች በመጨረሻ። ጠዋት ስሰካው ድምፁ አልተለወጠም፤ ብርድ የመታው ብቻ ይመስል ነበር።

በነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በልጄ ስልክ የሌሎችን መከራ ማንበብ ጀመርኩ። ለቅሶ ቤት ሄዶ የሌላውን ሐዘን መስማት ያጽናናል አይደል? ከሁሉ ያጽናናኝ የፒክሳር ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን የካርቱን ፊልም እየሠሩ ሳለ አንድ ሰው በስሕተት የማጥፊያ ትእዛዝ ይሰጣል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ኮፍያ ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፋ፤ ቀጥሎ ቡት ጫማው፤ ቀጥሎ ራሱ። ዓይናቸው እያየ! ግድ የለም፣ ባክአፕ አለ ተባለ። ባክአፑ ሲከፈት ለካ ለሳምንታት በትክክል አልገለበጠም፤ ከፍቶ የሞከረው ሰው ስላልነበረ ማንም አላወቀም። ያዳነቻቸው ጋሊን ሱስማን የተባለች ሠራተኛ ናት። በቅርቡ ወልዳ ስለነበር ሕፃኗን እየጠበቀች ቤቷ ሆና እንድትሠራ የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው፣ በመኪና ቀስ እያሉ አመጡት። እኔ በዳንቴል፣ እነሱ በብርድ ልብስ። ያን ያህል አንራራቅም።

ባለቤቴን ቀስቅሼ ይህን ስነግራት አልገረማትም። "የእኛስ አባቶች ሄኖክን አላቆዩም?" ብላ ተገላብጣ ተኛች። እውነቷን ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከሌላው ዓለም እጅ ሲጠፋ ሙሉው የቀረው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ ፈረንጅ ስሙን እንጂ ሙሉ ቃሉን አያውቅም ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚገለብጠው ቁም ጸሐፊ "ባክአፕ አድርጌያለሁ" ብሎ አልፎከረም። እሱ ለደብሩ አንድ መጽሐፍ ነው የጻፈው፤ ሌላው ለሌላ ደብር። አንዱ ገዳም ቢቃጠል ሌላው አለ። ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍቱ በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ መጽሐፉ ከባለቤቱ ዘንድ ቀረ፣ ፊልሙ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂው ደግሞ አሜሪካ ሚኒሶታ ገባ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ተቀምጠው ለረጅም ዓመታት ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ሚኒሶታ! የእኔ ከሳሎን አልወጣም።

አዲሱ ዲስክ ተገጠመ፣ ዊንዶውስ ተጫነ። ከዚህ በኋላ ያለው "መመለስ" የሚባለው ነው። ሰው ሁሉ ስለ መገልበጥ ያወራል፤ መመለስ ግን ገልብጦ ማስቀመጥ እንዳይመስላችሁ። በርበሬ ማስቀመጥና ወጥ መሥራት ናቸው።

የሠርጋችን ሲዲ ከነሽፋኑ ተገኘ፤ ሲዲ የሚውጥ ማሽን ግን ከቤታችን ጠፍቷል። ፎቶዎቹን ያተረፈችልን ልጄ ናት፤ ያውም ሳታውቀው፤ ስልኳ የምታነሣውን ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ሲልክ ኖሯል። "አባዬ፣ እኮ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፣ ለምን የዕድሩን አላስገባህበትም?" አለችኝ። በዕድሜዬ በነፃ ዕቃ አስቀምጥልሃለሁ ያለኝን ሰው አምኜ አላውቅም። ይህን ስነግራት ዓይኗን ገለበጠች።

ፍላሽ አንድ ነበረኝ። ማስታወቂያ የማሳትምበት ጽሕፈት ቤት እየተመላለሰ የሰፈሩን ቫይረስ ሁሉ የለቀመ ፍላሽ ነው። ስከፍተው ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ፤ ስማቸው አለ፣ እነሱ የሉም። ተስፋ ቆርጬ ፎርማት ላደርገው ስል የመገናኛው ልጅ በስልክ "እንዳትነካው!" ብሎ ጮኸብኝ። ያ ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቅና በቦታው የራሱን ሐሰተኛ በር ይሰቅላል። ፍላሹን ስወስድለት ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መሥመር ሲጽፍበት የተደበቁት ሁሉ ከየጥጉ ወጡ፤ ጥምቀት ላይ ከወላጆቻቸው ጠፍተው የተገኙ ሕፃናት ይመስሉ ነበር። የዕድሩ መዝገብም ወጣ። የስምንት ወር አሮጌ ቢሆንም ወጣ።

አሁን ወደ ኤክስተርናሉ። የኮምፒውተራችን እናት ሰሌዳ ላይ ሰዓት የሚጠብቅለት ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ላይ ይነሣል። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን፣ እሱ ደግሞ ከእኛም ወደ ኋላ ቀረ እያልን ስንሥቅበት ኖረናል። ባትሪዋን መግዛት የአንድ ሻይ ቤት ሒሳብ ነው፤ ለሣቁ ብለን ተውነው።

ኤክስተርናሉን ስከፍት የዕድሩን መዝገብ አገኘሁ። እልል ልል ነበር። ቀኑን ሳየው 2009 ይላል። የፍላሹ 2023 ይላል። ልብ በሉ፣ እኔ መዝገብ ቤትን የማውቅ ሰው ነኝ። አሮጌና አዲስ ተደባልቆ እንዳያምታታ ብዬ የፍላሹን በኤክስተርናሉ ላይ ገለበጥኩት። ኮምፒውተሩ ጨዋ ነው፣ ጠየቀኝ፤ "በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ይተካ?" አዎ አልኩ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም እንደሚመታ ሰው ረገጥ አድርጌ።

ነገሩ የገባኝ አልጋ ውስጥ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት መዝገቡን ስጀምር በ2009 ምን ፋይል ነበረኝ? ያ 2009 ያለው ባለፈው ወር፣ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት የገለበጥኩት፣ ከሁሉ አዲሱ ነበር። የስምንት ወሩን ሥራ በገዛ እጄ፣ ተጠይቄ፣ ፈቅጄ ሰረዝኩት። ባለቤቴ "ምነው ተነሣህ?" አለችኝ። ከንፈሬን መጠጥኩ።

የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብስ? እሱ ሳይጎዳ ነው የተመለሰው፤ አንድም ገጽ አልጎደለም። የተጻፈው ግን በድሮው ጊዜ፣ እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ ድርጅት በራሱ መላ "ሀ"ን ከእንግሊዝኛው ፊደል ጀርባ በሚደብቅበት ዘመን ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ቢያገኝም አሮጌው ጽሑፍ ያን አያውቅም፤ የድሮው ፎንት ካልተጫነ ማንነቱ ይጠፋዋል። በአዲሱ ዊንዶውስ ስከፍተው አንቀጽ 1 ከቅንፍ፣ ከጭረት፣ ባርኔጣ ካደረጉ የላቲን ፊደላት የተሠራ ሆኖ ወጣ። ለዳኛው አትሜ ባሳያቸው "ይኼማ ክታብ ነው፣ አንገትህ ላይ እሰረው" አሉኝ። ፎንቱን ለማግኘት አራት ቀን፣ ሦስት ጽሕፈት ቤትና አንድ ከሥራ የለቀቀች ታይፒስት ፈጀብኝ።

በወሩ ጉባኤው ተሰበሰበ። እኔ የስምንት ወር አሮጌ መዝገብ ይዤ፣ ሁሉም ከፍያለሁ ለማለት ተዘጋጅቶ። ገንዘብ ያዣችን ከጸበል ተመልሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጉዳዩን ገና መዘርዘር ስጀምር ላስቲኩን ቀስ ብለው ፈቱ። ባለ ጥቁር ክር ወፍራም መዝገብ ነው። "እኔ እንኳ ለእጄ ማፍታቻ ብዬ ነው" አሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ከተራ ቁጥር 1 ጀምረው አነበቡ። እያንዳንዱ ክፍያ ከነቀኑ፣ ከነደረሰኝ ቁጥሩ። አዳራሹ ውስጥ ቀስ በቀስ ሳል በዛ። ትርፍ ከፍለናል ካሉት ሁለቱ አንደኛው የአምስት ወር ውዝፍ ተገኘበት፤ ሌላው ከመሐል ተነሥቶ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። እኔ ደስ ብሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ እየተከታተልኩ ሳለ ተራ ቁጥር 97 ደረሰ።

"ጸሐፊያችን" አሉ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ያራት ወር።"

"እ… ኮምፒውተሩ ላይ ከፍዬ ነበር" አልኩ።

ማብራራት አለብኝ። ዓመቱ መጀመሪያ ላይ በእኔ ተራ "ከፍሏል" የሚለውን ጽፌ፣ የቀሩትን ወራት አንድ በአንድ ከመጻፍ ብዬ ጎትቼ እስከ ጳጉሜን ድረስ አውርጄው ነበር። ኤክሴል ይህን ይፈቅዳል። ልከፍል ሐሳቡ ነበረኝ፤ እግዜር ያውቃል።

ዳኛው ወደ ክታቡ ዞረው፣ አሁን በአማርኛ የሚነበበውን አንቀጽ ፈለጉ። አመራሩ ውዝፍ ከተገኘበት ቅጣቱ እጥፍ ነው ይላል። ያን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያኔም ተጨብጭቦልኝ ነበር።

ባለቤቴ ከሴቶቹ ወገን ቦርሳዋን ከፍታ ብሩን በሰው ላይ አቀብላ ላከችው። ገንዘብ ያዡ ሁለቴ ቆጠሩት፤ ከደረት ኪሳቸው ደረሰኙን አወጡ፤ በገጾቹ መሐል ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ካርቦን እያስገቡ እስክርቢቶውን ጫን አድርገው ጻፉ። ቀደዱና ዋናውን ለእኔ፣ ሁለተኛውን ለዳኛው ሰጡ።

"ሦስተኛውስ አባቴ?" አልኳቸው።

"እሱን ልጄ ቤት ነው የማስቀምጠው፣ ሰበታ" አሉ ካርቦኑን እያጠፉ። "የእኔ ቤት ጣሪያው ያፈሳል።"